እግሩ የለም፣ ውጋቱ ግን አለ

ከድሬዳዋ ወደ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ ሐርላ የምትባል መንደር ትገኛለች። ገበሬው ሲያርስ ማረሻው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ድንጋዩም የተጠረበ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም። ሸክላ ይወጣል፣ ዶቃ ይወጣል፣ ሲቀናም ሳንቲም ይወጣል። ይህን ድንጋይ ማን ተሸክሞ ካበው ሲባል የአገሬው ሰው መልስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነበር፤ ግዙፎች። ድሮ እዚህ የኖሩት ሰዎች እንደኛ አልነበሩም ይላል። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመራው ቡድን ከ2015 ጀምሮ ሥፍራውን ቆፈረ (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቤትና መቃብር ተገኘ። የግዙፍ አጽም ግን አልተገኘም። ያም ሆኖ ኢንሶል ራሱ የመንደሩ ሰው ገና ሙሉ በሙሉ ያመነን አይመስለኝም ብሏል።

ነገሩ አይፈረድበትም። ድንጋዩ በቦታው አለ፣ ድንጋዩን ያነሳው እጅ የለም። አእምሮ ክፍት ቦታ አይወድም፤ ለድንጋዩ የሚመጥን አካል ፈጥሮ ያቆምለታል። እንዲህ ያለው ሥራ በእያንዳንዳችን ራስ ቅል ውስጥም ይሠራል። እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ሰው ሌሊት ሲባንን አውራ ጣቱን ይወጋዋል። ብርድ ልብሱን ገልጦ ያያል፤ ጣት የለም። ውጋቱ ግን አለ።

ሐኪሞች ይህን የፋንተም ሕመም ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር የሌለ አካል ሕመም ማለት ነው። ከተቆረጠበት ጫፍ ቁስል ሕመም ጋር መምታታት የለበትም። ጫፉ ድኖ፣ ቆዳው ገጥሞ፣ ከዓመታትም በኋላ የሚመጣ ነው። ታማሚዎች ሲናገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቃል ነው የሚጠቀሙት፤ ይለበልበኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል። አንዳንዱ የእግሬ ጣቶች ተጨማድደው አልዘረጋ አሉኝ ይላል፤ ሌላው በማይታይ መዳፉ ላይ ጥፍሮቹ ሲሰኩ ይሰማዋል። ሁሉም ሕመም አይደለም፤ ማሳከክም፣ ሙቀትም፣ እርጥበትም ይሰማል። መዳፌን በላኝና ገንዘብ ሊመጣ ነው የሚለው አገር ሰው፣ መዳፍ የሌለው ሰው መዳፉን ሲበላው ምን ብሎ ይተረጉመው ይሆን?

ብርቅ ነገር አይደለም። በ2020 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ትንተና አካላቸው ከተቆረጠ ሰዎች 64 በመቶው ይህን ሕመም እንደሚቀምሱ አስልቷል። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ወደ 54 በመቶ ዝቅ ይላል። ነርቫችን ከሌላው ጠንክሮ ነው ብዬ አላምንም። ይልቅ የሚጠይቅ ጠፍቶ ይመስለኛል፤ ያበደ እንዳይባል፣ ጋኔን ሰፍሮበታል ተብሎ ጸበል እንዳይወሰድ ዝም የሚለው ሰው ጥቂት አይሆንም።

ፈረንሳዊው የጦር ሜዳ ቀዶ ሐኪም አምብሩዋዝ ፓሬ ነገሩን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መዝግቦታል። ስሙን ያወጣለት ግን ሲላስ ዊየር ሚቸል የተባለ የፊላደልፊያ የነርቭ ሐኪም ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እግርና እጃቸው የተቆረጡ ወታደሮችን አክሟል። የሚገርመው መጀመሪያ ያየውን የጻፈው በልብ ወለድ ነው። በ1866 አራቱንም እጅና እግሩን ስላጣ ወታደር የሚተርክ ታሪክ ስሙን ደብቆ በመጽሔት አወጣ። አንባቢው እውነት መስሎት ለተረቱ ወታደር ገንዘብ አዋጣለት። በስሙ ፋንተም ሊምብ ብሎ የጻፈው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1871 ነው።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩ። ክርንዎ የጠረጴዛ ጠርዝ ሲመታው እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝርዎት የት ላይ ነው? ትንሿ ጣትዎ ላይ። ጣቷን የነካት ነገር የለም፤ የተመታው በክርን በኩል አልፎ ወደ እሷ የሚሄደው ነርቭ ነው። አንጎል ግን መልእክቱ ከመንገድ መሐል ይነሳ ከመንገዱ ጫፍ ለይቶ አያውቅም። በዚያ ሽቦ የመጣ ሁሉ ለእሱ የትንሿ ጣት ወሬ ነው። እግር ሲቆረጥ እግሩ ይሄዳል እንጂ ሽቦው አይሄድም። የተቆረጠው ነርቭ ለማደግ ይሞክራል፤ የሚያድግበት ሲያጣ ጫፉ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ቋጠሮ ያብጣል። ቋጠሮው ያለ ምክንያት ይተኩሳል። ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ ያሉት የነርቭ ሴሎችም አብረው ይለፈልፋሉ። ወሬው አንጎል ሲደርስ አድራሻው ያው የቀድሞው ነው፤ አውራ ጣት፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ተጣልተዋል፤ ጠቡም ገና አልበረደም። ካናዳዊው ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ በ1930ዎቹ የታማሚዎቹን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካካ በአንጎል ሽፋን ላይ የመላ አካላችን ካርታ መኖሩን አሳይቶ ነበር። በካርታው የእጅ ጎረቤት ፊት ነው። በ1995 ኸርታ ፍሎርና ባልደረቦቿ እጅ ሲቆረጥ የፊት ግዛት ወደ ባዶው የእጅ መሬት ይገፋል፣ ብዙ በተገፋ ቁጥርም ሕመሙ ይበረታል የሚል ጥናት አወጡ። ለሃያ ዓመት ያህል መማሪያ መጻሕፍት ይህንኑ ደገሙ። ከዚያ ታማር ማኪን የተባለች ተመራማሪ በ2013 ተቃራኒውን ይዛ መጣች፤ ሕመሙ የበረታባቸው ሰዎች የእጅ ካርታ አልፈረሰም፣ እንዲያውም ሳይነካ ተቀምጧል አለች። በ2025 እሷና ባልደረቦቿ ሦስት ሰዎችን እጃቸው ከመቆረጡ በፊትና ከተቆረጠ በኋላ እስከ አምስት ዓመት ድረስ በኤም.አር.አይ ተከታተሉ። ካርታው ያው ነው። ባለቤቱ አገር ለቆ ቢሄድም መሬቱ በስሙ ተመዝግቦ እንደቀረ ማለት ነው። በአልባኒያና በእስራኤል የተደረገ የ2014 ጥናት ደግሞ ማደንዘዣ ከአከርካሪ አጠገብ ባሉት ሴሎች አካባቢ ሲሰጥ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የሌለው እግር ስሜት ራሱ ለጊዜው እንደሚደበዝዝ አሳየ። እኔን የሚያሳምነኝ የኋለኞቹ ወገን ነው። አንጎል ያበደ አይመስለኝም፤ የሚደርሰውን የተበላሸ ወሬ በታማኝነት እያነበበ ነው።

በእኛ አገር ይህ ሕመም የማን ሕመም ነው? ድሬዳዋ ራሷ ጦርነት አይታለች። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ለመያዝ ደጇ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። የኦጋዴኑ ጦርነት፣ በኋላም ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር የተደረገው፣ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተደረገው፣ እያንዳንዱ ክራንች ተደግፎ የሚሄድ ትውልድ ትቶ አልፏል። ፈንጂ ደግሞ ጦርነቱ ካበቃም በኋላ እረኛ ይጠብቃል። የመኪና አደጋ አለ። የስኳር ሕመም አለ፤ በእግር ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ተንቃ ጉልበት ድረስ ታስቆርጣለች።

ሌላም አለ፤ ስንናገረው የሚከብደን። ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ቤተሰብ ወደ ወጌሻ ይወስደዋል። ጥሩ ወጌሻ ብዙ ሰው አድኗል፣ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የታሰረው እንጨት ከጠበቀ ደም ይቆማል። ጣቶቹ ያብጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ልጁ ሲያለቅስ የስብራቱ ሕመም ነው እየተባለ እስሩ ሳይፈታ ሦስትና አራት ቀን ያልፋል። ሆስፒታል ሲደርስ የሚተርፍ እጅ የለም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ልጆች እጅና እግራቸውን ከሚያጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጠበቀ እስር ነው። ጣቱ ያበጠና የቀዘቀዘ ልጅ ካለ እስሩ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይቺ ብትያዝ ይበቃኛል።

አሁን ይህን ሕመም ያስታግሳል ወደሚባለው የቻይና መርፌ፣ ወደ አኩፓንቸር እንምጣ። ከሐርላ መሬት ከወጡት ዕቃዎች መካከል የቻይና ሸክላ ስባሪ ይገኝበታል። ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የቻይና ዕቃ በባሕር ተጉዞ፣ በግመል ተጭኖ እዚህ ደርሷል። የቻይና ሕክምና ግን አብሮ አልመጣም፤ ወይም መጥቶ ከሆነ መሬቱ አልነገረንም። የእኛ ባህል የራሱ ነበረው። በቀንድ ደም የሚስበው ዋግምት ከቻይናዎቹ የብርጭቆ መምጠጫ ጋር የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ሕመም ያለበትን ቦታ በጋለ ብረት መተኮሳችንም ቻይናዎቹ ቅጠል አቃጥለው ቆዳ ከሚያሞቁበት ዘዴ ብዙ አይርቅም። በቀጭን መርፌ መውጋት ግን አልነበረንም። አኩፓንቸር ወደ እኛ የመጣው በዘመናችን ነው። ቻይና የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መላክ የጀመረችው በ1974 ሲሆን ሐኪሞቹ የሚመጡት ከሄናን ግዛት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ባለው፣ የጥሩነሽ ዲባባን ስም በያዘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች አኩፓንቸር ይሰጣሉ።

መርፌው መርፌ የምንለው ዓይነት አይደለም። ሐኪም ቤት የሚወጉን መርፌ ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው፣ ውፍረቱም 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የአኩፓንቸር መርፌ ድፍን ነው፣ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ፣ መድኃኒትም አይገባበትም። ሐኪሙ ይሰካዋል፣ በሁለት ጣት ያሽከረክረዋል፣ ታማሚው የመክበድና የመደንዘዝ ዓይነት ስሜት ተሰማኝ እስኪል ድረስ። ከዚያ 20 ወይም 30 ደቂቃ እንደተሰካ ይተወዋል።

እግሩ ለሌለ ሰው ታዲያ የት ይሰካል? ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ከተቆረጠበት ጫፍ በላይና በወገብ ላይ፣ የእግሩ ነርቮች ከኅብለ ሰረሰር በሚወጡበት በኩል ነው። ሁለተኛው ጆሮ ላይ ነው፤ ሪቻርድ ኒምዞው የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም በ2001 አምስት የጆሮ ነጥቦችን ብቻ የሚጠቀም ዘዴ አውጥቶ ለቁስለኛ ወታደሮች አስተዋውቋል። ሦስተኛው ግን ሰሚን ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ ጤነኛው እግር ላይ ይወጋል። ግራው የለም፣ ግራው ያመዋል፣ ቀኙ ይወጋለታል። ይህ የዘመናችን ሐኪም ፈጠራ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረው ሁዋንግዲ ኔይጂንግ የተባለው የቻይና የሕክምና መጽሐፍ የግራ ሕመምን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ የመውጋት ምዕራፍ አለው።

ምዕራቡ ዓለም ስለ አኩፓንቸር የተንጫጫው በ1971 ነው። የኒውዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን ቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙ ሰው ያለ ማደንዘዣ በመርፌ ብቻ ተቀደደ ብሎ ያወራል። ስህተት ነው። ሲቀደድ የተሰጠው እንደማንኛውም ሰው በመርፌ የሚወጋ ማደንዘዣ ነበር፤ አኩፓንቸሩ የመጣው በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ሲያስጨንቀው ነው። ወሬ ከሰው ሰው ሲተላለፍ እንዲህ ይወፍራል።

መርፌው በእርግጥ ሕመም የሚያስታግስ ከሆነ እንዴት? የመጀመሪያው መልስ የሮናልድ ሜልዛክና የፓትሪክ ዎል የ1965 ሐሳብ ነው። ጉልበታችን ሲጋጭ ሳናስብ እናሸዋለን። የእጃችን ንክኪ በኅብለ ሰረሰር በር ላይ ከሕመሙ ጋር ይጋፋል፣ በሩንም ያጠብበታል። መርፌውም እንዲያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መልስ ኢንዶርፊን ነው፤ አንጎል ራሱ የሚሠራው ሞርፊን መሰል ነገር። በ1977 ተመራማሪዎች ሞርፊንን የሚያከሽፈውን ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ሲሰጡ የአኩፓንቸሩ ማስታገስም አብሮ ከሸፈ። የአኩፓንቸር ወዳጆች ይህን ጥናት እስከ ዛሬ በኩራት ይጠቅሱታል። ግን በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ናሎክሶንን፣ መድኃኒት መስሏቸው ባዶ ነገር ተወግተው ለተሻላቸው ሰዎች ሰጡ፤ ያ መሻልም ከሸፈ። ስለዚህ ኢንዶርፊን መፍሰሱ መርፌው ልዩ ኃይል እንዳለው አይመሰክርም። የሰው ተስፋም ኢንዶርፊን ያፈስሳል። ሦስተኛው የ2010 የአይጥ ጥናት ነው፤ መርፌው ሲሽከረከር በዚያው በተወጋው ሥጋ ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፣ በአካባቢውም ሕመም ይቀንሳል።

የመርፌውን ሥራ ከተስፋው ሥራ ለመለየት አስመሳይ መርፌ ተሠርቷል። እንደ ቴያትር ቤት ጩቤ ነው፤ ሲጫኑት ስለቱ ወደ እጀታው ይገባል፣ ታማሚው ግን የተወጋ ይመስለዋል። ሌላው ዘዴ እውነተኛ መርፌ ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ከላይ ከላይ መውጋት ነው። ጀርመኖች በ2007 ወገባቸውን ለሚያማቸው 1,162 ሰዎች ይህን ሁለተኛውን አደረጉ። በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት 47.6 በመቶው ተሻላቸው፣ በተሳሳተው ከተወጉት 44.2 በመቶው፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን 27.4 በመቶው ብቻ። ቁጥሩን ደግመው ይዩት። ነጥቡ የት መሆኑ ያመጣው ልዩነት ኢምንት ነው፤ መወጋቱ ያመጣው ግን ትልቅ ነው። በ2018 የ39 ጥናቶችን፣ የ20,827 ታማሚዎችን መረጃ ያጣመረ ሥራ ከአስመሳዩ መርፌ የሚበልጥ ልዩነት አለ ሲል ደመደመ፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። እነዚህ ሁሉ ስለ ወገብ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ራስ ምታትና ስለመሳሰሉት ናቸው።

ስለ ሌለ እግር የተደረገው ምርምር ከዚህ ጋር ሲተያይ እፍኝ አይሞላም። አብዛኛው የአንድና የሁለት ሰው ታሪክ ነው። የተሻለው በእንግሊዝ ተደርጎ በ2016 የታተመ ነው፤ ተሳታፊዎቹ 15 ሰዎች ብቻ። ግማሾቹ በአራት ሳምንት ስምንት ጊዜ ተወጉ፣ ግማሾቹ የተለመደ ሕክምናቸውን ብቻ ቀጠሉ። በተወጉት ዘንድ አማካይ ሕመሙ ከ10 ነጥብ በ2.69 ቀነሰ። ጥሩ ወሬ ነው። ነገር ግን አስመሳይ መርፌ አልነበረበትም፣ ጥናቱም የተደረገው ትልቅ ጥናት ማካሄድ ይቻል እንደሆነ ለመፈተሽ ነበር። አኩፓንቸር የሌለ እግርን ሕመም ይፈውሳል ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ካለ እነዚህን 15 ሰዎች ይዞ ነው የሚለጥፈው።

እሾህን በእሾህ ይባላል፤ ውጋትን በመውጋት ማስታገስ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። እኔም መርፌውን አልጠላውም። ክኒኖቹም ቢሆኑ፣ አሚትሪፕቲሊንም ሆነ ሌላው፣ ለዚህ ሕመም ያላቸው ማስረጃ የሚያኮራ አይደለም። የአኩፓንቸር የጎንዮሽ ጉዳትም ንጹሕ መርፌ በሠለጠነ እጅ ሲሆን ጥቂት ነው። ንጹሕ የሚለው ቃል ይሰመርበት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ታሽጎ የመጣና ፊትዎ የሚከፈት መሆን አለበት፤ በተደገመ መርፌ የጉበት ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ሊሻገር ይችላል። በስኳር ሕመም እግሩን ያጣ ሰው ጫፉ ላይ ባይወጋ ይሻለዋል፤ ትንሽ ቀዳዳም ልታመረቅዝበት ትችላለች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም አስቀድሞ ይናገር።

ለሐርላ ሰው ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ከድሬዳዋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ከዚያ በፊት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ወርዶ የሚገዛው ነገር አለ፤ መስተዋት። ቪላያኑር ራማቻንድራን የተባለ የነርቭ ሳይንቲስት በ1990ዎቹ ያመጣው ዘዴ ነው። ሰውየው ወለል ላይ ወይም አልጋ ላይ ይቀመጣል። ረዘም ያለውን መስተዋት በሁለቱ እግሮቹ መካከል በቁሙ ያደርገዋል፣ ፊቱን ወደ ጤነኛው እግር አዙሮ። የተቆረጠው ከመስተዋቱ ጀርባ ይደበቃል። ጎንበስ ብሎ መስተዋቱን ሲያይ ሁለት እግር ያያል። ጤነኛውን ቁርጭምጭሚት ቀስ ብሎ ያዞራል፣ ጣቶቹን ይሰበስባል፣ ይዘረጋል፤ በሐሳቡም የሌለውን እግር አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ለወራት የተጨማደዱት ጣቶች ሲዘረጉ በዓይኑ ያያል።

በአሜሪካ ወታደራዊ ሆስፒታል ተደርጎ በ2007 የታተመ ጥናት እግራቸው የተቆረጠ ሰዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ሳምንት አስሠራ። ጥናቱን ከጨረሱት 18 ሰዎች መስተዋት ያዩት ስድስቱም ሕመማቸው ቀነሰ። በጨርቅ በተሸፈነ መስተዋት ፊት ተመሳሳዩን ከሠሩት ስድስት አንዱ ብቻ ቀነሰለት። ዓይናቸውን ጨፍነው በሐሳብ ብቻ ከሠሩት ሁለት ቀነሰላቸው፣ አራቱ ግን ባሰባቸው። ይህም ትንሽ ጥናት ነው፣ በኋላ የመጡትም ሁሉ ይህን ያህል አላማረላቸውም። ቢሆንም መስተዋት ርካሽ ነው፣ ትኬት አያስቆርጥም፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። ያ ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ በቀኝ እግር ግራውን አክሙ ያለውም ከዚህ ጋር ሳይገጣጠም አይቀርም፤ ሁለቱም ለአንጎል የሚናገሩት ባለው እግር በኩል ነው።

መርፌውን ለመሞከር የወሰነ ሰው አንድ ደብተር ይግዛ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ለአንድ ሳምንት፣ ማታ ማታ፣ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይስጠው፤ ስንት ጊዜ ከእንቅልፉ እንደባነነም ይጻፍ። ከስምንት ጊዜ በኋላ ቁጥሩ ቢያንስ በሁለት ካልወረደ ገንዘቡን ለሌላ ያውለው። ከወረደ ደግሞ የጀርመኖቹ ጥናት ምን አለ፣ ነጥቡ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ መጨነቅ የእሱ ሥራ አይደለም፤ ይተኛ።